የመኪና ክዳን የለበስኩበት ክረምት

ቁጭ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ መቀመጥን አትናቁት። ጉልበት አጥፎ ወንበር ላይ ዘፍ ማለት ቀላል የሚመስለው ጉልበቱ እሺ ብሎ ለታጠፈለት ሰው ብቻ ነው። እኔ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣ አሥመራ ውስጥ፣ ባዶ ወንበር ከፊቴ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ። «ተቀመጥ» ያለኝ ሰው ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ ብሎኛል። እንቢ ያለው ሱሪዬ ነው።

ወሬውን በቀጥታ ከሱሪው ብጀምርላችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሱሪው የመጣው ከአንድ ቃል ነው፤ ቃሉ የመጣው ከአንድ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው እኔ እጅ የገባው ደግሞ በአዋቂነቴ የተነሳ ነው። ስለዚህ ከአዋቂነቴ ልጀምር። አጭር ስለሆነች ቶሎ ታልቃለች።

ያን ጊዜ አንድ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። መጀመሪያ የገባሁት ጥጥ የሚበጠርበት ክፍል ነው። እዚያ ብናኙ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ጢም ላይ ያርፋል፣ የተረፈው ሳንባ ውስጥ ይገባል። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ጠዋት እገባና የሰባ ዓመት ሽማግሌ መስዬ እወጣለሁ። ሽበቱን በር ላይ አራግፈዋለሁ፤ ሳሉ ግን አይራገፍም። እናቴ፣ አደይ ነው የምላት፣ ቃሓውታ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆማ ከፌርማታው ጀምሮ ሳሌን ትሰማና ወጡን ታሞቅ ነበር። በሳሌ ነበር መምጣቴን የምታውቀው፤ በዚህም ትስቃለች፣ ግን ስትስቅ ዓይኗ አብሮ አይስቅም።

ከዚያ ክፍል ያወጣኝ አፌ ነው። አንድ ቀን ሲኞር ቤርቶ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ በመሀላችን ሲያልፍ እጅጌውን ያዝኩና አንድ ነገር ጠየቅሁት። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ክሩ ለምን ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል? ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ለምን ይጠነክራል? የሚረጥብ ነገር መድከም አልነበረበትም ወይ? ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ፣ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ሲኞር ቤርቶ ግን መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀና ስሜን ጠየቀኝ። በሳምንቱ ለስድስት ወር ሙከራ ወደ ላቦራቶሪው ተዛወርኩ።

ላቦራቶሪው ንጹሕ ነበር፤ ነጭ ጋዋን ይለበስበታል። የጋዋኑ ነገር የራሱ ሕግ አለው። ቋሚ ሠራተኛ ጋዋኑን ቤቱ ወስዶ አሳጥቦ ያመጣል። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ግን ሲወጣ በሩ ላይ ባለው ሚስማር ሰቅሎት ይሄዳል፤ ጋዋኑ የፋብሪካው ነው፣ ሰውየውም ገና የማንም አይደለም። አደይ ይህን ከነገርኳት በኋላ አመድና ሳሙናዋን ለይታ አስቀምጣ ያን ጋዋን የምታጥብበትን ቀን ትጠብቅ ነበር። እኔም እጠብቅ ነበር፤ ወደ ብናኙ መመለስን እንደማልችለው ደረቴ ነግሮኛል።

ሥራዬን እንዴት እንደወደድኩት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አንድ መሣሪያ አለ፤ ክሩን ከላይና ከታች ነክሶ ቀስ እያለ ይስበዋል። ክሩ ሲጨነቅ ቁጥር ጠቋሚዋ መርፌ ትወጣለች፣ ጡዝ ብሎ ሲበጠስ ቀጥ ትላለች፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሌላ አጉሊ መነጽር አለ። በእርሱ ውስጥ የጥጥ ጭረት፣ ማለትም ክሩ የሚፈተልበት ቀጭን ጠጉር፣ እንደምታስቡት ድቡልቡል አይደለም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ደጋግሞ የተጠመዘዘ ጥብጣብ ነው። ሲኞር ቤርቶ እንደነገረኝ ጭረቶቹ እርስ በርስ የሚያያዙት ጠማማ ስለሆኑ ነው፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ ቢሆኑ ኖሮ እየተንሸራተቱ ይለያዩ ነበር። ለብዙ ቀን በዚህ ስገረም ሰነበትኩ። ጠማማነት የሚጠቅምበት ቦታ እንዳለ እስከዚያን ቀን ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ ያልሳብኩት ነገር የለም። የራሴን ጠጉር ሳብኩ፤ ከክሩ የሚበልጥ ጉልበት አለው፣ ከመበጠሱ በፊትም ይለጠጣል። ፓስታ ሳብኩ፤ ጥሬው ቀጭ ይላል፣ የተቀቀለው ደግሞ የመሣሪያው ጥርስ ላይ ተለጥፎ ሲኞር ቤርቶ ራሱ በመርፌ ሲያጸዳ ዋለ። ጣሊያናዊ በፓስታ የተነሳ እንደዚያ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። ቤት ደግሞ ከአደይ ነጠላ ጫፍ አንዲት ክር መዘዝኩና ቁልፍ አንጠለጠልኩባት፤ ቻለች። ጓጉንቸሩን ጨመርኩ፤ ቻለች። ዘነዘናውን ስጨምር ተበጠሰችና ዘነዘናው አውራ ጣቴ ላይ ዐረፈ። አደይ ያዘነችው ለነጠላዋ ነው።

ደብዳቤው የመጣው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። ፌዴሬሽኑ ቀርቶ ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ መሆን ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከላቦራቶሪው ሰዎች አማርኛ ትምህርት ቤት የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ደብዳቤውን ወደ እኔ አመጡት። ላኪው አዲስ አበባ ያለ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ለመኪኖቻችን ክዳን የሚሆን፣ ዝናብና ፀሐይ የሚችል ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ናሙና አዘጋጅታችሁ፣ አስፈላጊው ምርመራ ሁሉ ተደርጎበት፣ ወኪላችን በሐምሌ ሲመጡ እንዲያዩት ይሁን።»

እናንተ በአማርኛ አፋችሁን የፈታችሁ ሰዎች አሁን «ታዲያ ምኑ ይከብዳል?» ትላላችሁ። ክዳን መክደኛ ነው፤ ድስት ክዳን አለው፣ ቤት ክዳን አለው፣ ጭነት የያዘ መኪናም ክዳን ያስፈልገዋል። በእኛ በትግርኛ ግን ክዳን ማለት ልብስ ነው። ሱሪ ክዳን ነው፣ ቀሚስ ክዳን ነው፣ የሥራ ክዳን አለ፣ የእሑድ ክዳን አለ። ጭነት ላይ የሚወጠረውን ሸራ እኛ ከጣሊያን ወስደን ቴንዳ ነው የምንለው። ክዳን ብሎ የጠራው ሰው አሥመራ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ልብስ የሚለውን አማርኛ አላውቅም ነበር ማለት አይደለም። አውቃለሁ። ግን ልብስ ተራው ቃል፣ ክዳን ደግሞ የቢሮው ቃል መሰለኝ። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደብዳቤ አንድን ነገር ሰው ሁሉ በሚያውቀው ስሙ ጠርቶ አያውቅም ነበር። እንዲያውም የእኛን ቃል ማዕረግ ሰጥተው ስለጻፉት ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ሲኞር ቤርቶ ትርጉሜን ሰምቶ ግንባሩን አኮማተረ። መኪና ልብስ ይለብሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳቅሁበት፤ አዎ፣ ሳቅሁበት። መኪና እንዴት ይለብሳል፤ የመኪኖቹን ሰዎች ማለታቸው ነው፣ ሹፌሮቹንና ረዳቶቹን፤ አማርኛ እንዲህ በዘወርዋራ የሚናገር ጨዋ ቋንቋ ነው አልኩት። እርግጠኛ ነህ አለኝ። «ሲኩሪሲሞ» አልኩት፤ በጣሊያንኛ ከእርግጠኛም በላይ እርግጠኛ ነኝ ማለት ነው። ያችን ቃል ዛሬም ስሰማ ጆሮዬ ይግላል።

ጨርቁ ተሠራ። ክሩ በደንብ የተገመደ፣ ሽመናው እጅግ የጠበቀ፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ ብታዩት አንዲት ቀዳዳ የማታገኙበት ጨርቅ ነበር። መሣሪያው ላይ ስናስገባው መርፌዋ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ደርሳ ቆመች፤ ጨርቁ አልተቀደደም። ጥንካሬው ታወቀ። ግን ለልብስ ጥንካሬ ብቻ ምን ያደርጋል? ጉልበቱ ላይ ይወጠራል ወይ? መቀመጫው ላይ ይሳሳል ወይ? ሲታጠፍ ይሰበራል ወይ? ለዚህ መሣሪያ አልነበረንም። ደብዳቤው ደግሞ አስፈላጊው ምርመራ ሁሉ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ይልበሰውና በየቀኑ የሚሆነውን ይጻፍ አልኩ። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ሲኞር ቤርቶ ብዙ አላሰበም።

ጨርቁን ተሸክሜ ጥራቮሎ ወዳለው ሰፊያችን ወደ ኣያ ተስፉ ሄድኩ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ኣያ እለዋለሁ እንጂ አንዘመድም። የመጀመሪያዋ መርፌ ተሰበረች። ወፍራሟን አወጣ፤ እርሷም ተሰበረች። ሦስተኛዋ ስትሰበር ከስፌት መኪናው ተነሳና ጨርቁን በሁለት ጣቱ አንስቶ ይህ የተሸመነው ለሰው ነው ወይስ ለግመል ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ መደበር፣ አሮጌ ብረትና ጎማ ወደሚታደስበት ገበያ፣ ሂድ አለኝ።

መደበርን የሚያውቅ ያውቀዋል። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ባልዲ ይሆናል፣ ያረጀ ጎማ ጫማ ይሆናል። ከጎማ ጫማ የሚሠራ አንድ ዝምተኛ ሰው አገኘሁና ጨርቁን ሰጠሁት። ሱሪ ሰፍቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ጨርቁንም እንደ ጎማ ነው ያየው፤ በወስፌ እየበሳ፣ ሰም የተቀባ ወፍራም ክር እያስገባ፣ በጉልበቱ ረግጦ እየጎተተ ሰፋው። ኪስ ስጠይቀው ከላዩ የሚደፋ መሸፈኛ ያለው ኪስ ሠራልኝ፣ በአዝራር የሚቆለፍ። በውበቱ ሱሪ ነው ለማለት ይቸግራል። ከላይ የተጋጠሙ ሁለት የጭስ ማውጫዎች ነበር የሚመስለው።

መጀመሪያ ቀን አውልቄ ጥግ ሳስጠጋው ቀጥ ብሎ ቆመ። አደይ ገብታ አየችውና ቀሪው ሰውዬ የት ሄደ አለችኝ። እኔ ግን ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፤ ያለ ሰው ይቆማል። በሁለተኛው ቀን ጻፍኩ፤ ሲራመዱ ይጮኻል። ጩኸቱ ሻክ ሻክ የሚል ነው፤ የሰፈራችን ውሾች ገና በስተርቀት ሰምተው ይነሡ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሕዝቡ ሰግዶ ሲነሳ እኔ ገና ወደ ታች በጉዞ ላይ ነኝ፣ ሱሪዬም እየጮኸ ነው። አንድ ቄስ ዞር ብለው አዩኝ፤ ደብተሬ ላይ ግን «ለስግደት አይመችም» ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት። በአሥረኛው ቀን ጉልበቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል ተነፋ፤ መቀመጫው አልሳሳም። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሱሪ ይለብሳል፤ ሱሪው ምን እንደሚሆን የሚያይ ግን የለም።

በመጨረሻ ወኪሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ ተነገረን። አቶ ጌጡ ይባላሉ። በዚያው ሳምንት የሙከራ ጊዜዬ ያበቃ ነበር፤ ሲኞር ቤርቶ ነገሩን አልሸፈነብኝም። ሰውየው ጨርቁን ከተቀበሉ ላቦራቶሪው ሥራ ይበዛበታል፣ እኔም እቀራለሁ። ካልተቀበሉ ግን ላንተ የሚሆን ቦታ የለኝም፣ ወደ ጥጡ ትመለሳለህ አለኝ። ሌሊቱን... አይ፣ የዚያን ሌሊት ነገር ልተወው፤ አልተኛሁም ማለት ይበቃል።

ሐሙስ ለምሳ ቤት ገባሁ። ስወጣ ሰማዩ ዝም ብሎ ጠቁሯል። ገና መንገዱ ላይ ሳልደርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አገኘኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ከአንዱ በረንዳ ይጠለል ነበር፤ እኔ ግን ሱሪዬን ለማየት መሀል መንገድ ቆምኩ። መጀመሪያ ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ቀጥሎ ጨርቁ መጠጣት ጀመረ፤ ቀለሙ ጠቆረ። ከዚያ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ጭኔን ያዘኝ። ሱሪው እየጠበበ፣ እየጠነከረ፣ ከቁርጭምጭሚቴም ወደ ላይ እየሸሸ ነበር። በጣም የሚገርም ነገር ነው ብዬ ጫፉን አይቼ ለመጻፍ ጎንበስ ልል አሰብኩ። ጎንበስ የሚባል ነገር ቀርቷል።

ቀኝ ጉልበቴን ጠየቅሁት፤ እንቢ አለ። ግራውም እንደዚያው። እንደ ኮምፓስ ግራና ቀኝ እየተከፈትኩ ፌርማታው ድረስ ሄድኩ። አውቶቡሱ መጣ፣ ደረጃውን አየሁት፣ ደረጃውም አየኝ፣ አውቶቡሱ ሄደ። አንዲት ትንሽ ታክሲ አስቆምኩ። ሹፌሩ «ኮፍ በል» አለኝ፤ ተቀመጥ ማለቱ ነው። እንደማልችል ነገርኩት። ወርዶ ዞረኝና በጣቱ ጉልበቴን አንኳኳው። ከዚያ ብዙ ሳይጠይቅ ከኋላ በጀርባዬ እንደ ሳንቃ አጋድሞ አስገባኝ፤ እግሮቼ በአንዱ መስኮት ወጡ። በከተማው መሀል እንዲያ ሆነን ስናልፍ አንድ የትራፊክ ፖሊስ መንገዱን ከፈተልንና ኮፍያውን አወለቀ። የማን ሬሳ ነኝ ብሎ እንዳሰበ አላውቅም።

የፋብሪካው ሁለት ዘበኞች አውርደው በእግሬ አቆሙኝ። ቢሮው ስገባ ሲኞር ቤርቶና አቶ ጌጡ ተቀምጠው ሻሂ ቀርቦላቸዋል። አቶ ጌጡ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሲገጥማችሁ ከወገብ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት እንደሚገባ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ሆኖም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ ጤና ይስጥልኝ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ቢሆንም ጨዋ ናቸውና ተቀመጥ አሉኝ። ቆሜ ይሻለኛል አልኩ። ፊታቸው ፈካ፤ ሳልጎነብስ መግባቴ ድፍረት ቢመስላቸውም ቆሜ መቅረቴ አክብሮት መሰላቸው። ሁለተኛ ተቀመጥ ሲሉኝ አሁንም እንቢ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ይህ ልጅ በጣም ጨዋ ነው ብለው ለሲኞር ቤርቶ ተናገሩልኝ። እኔው ራሴ ተረጎምኩለት።

ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«እንግዲህ ክዳኑን አሳዩኝ» አሉ።

«ይኸው ጌታዬ» አልኩ፤ «ለብሼዋለሁ።»

ከጫማዬ እስከ ወገቤ አዩኝ። የሰሙት አማርኛ ከጉሮሮ የሚወጣ የእኔ የትግርኛ «ሐ» እና «ዐ» ያለበት አማርኛ ስለሆነ ጆሯቸው ያታለላቸው መስሏቸው እንደገና ቀስ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ቀስ ብዬ ያንኑ መለስኩ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስኳር ዕቃ ሳቡና ከላዩ ያለውን ነገር አነሱት።

«ይህን ምን ትለዋለህ?»

«መክደኛ።»

«መክደኛ፣ ክዳን። አንድ ነው» አሉና መልሰው ዕቃው ላይ ገጠሙት። «እኛ ለመኪና ነው ያልነው፣ ልጄ። ከጭነቱ በላይ የሚወጠር። ዝናብ የማያስገባ።»

ስኳሩ ሲከደን የተሰማችው ቀጭ የምትል ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ደብዳቤው ቃል በቃል ፊቴ ተነበበ፤ ዝናብና ፀሐይ የሚችል፣ ለመኪኖቻችን። እኔ ነኝ መኪኖቹን ሹፌር ያደረግኋቸው። አቶ ጌጡ ቀጠሉ። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፤ የዝናብ ምርመራ ያልተደረገበት ጨርቅ ይዤ አልሄድም፤ ካልሆነ ሌላ ቦታ እናዛለን አሉ።

ሲኞር ቤርቶ ወደ እኔ ዞሮ ምን አሉ አለኝ። ቢሮው ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ያሻኝን ብል የሚያጋልጠኝ አልነበረም፤ ሰውየው ሐሳባቸውን ለውጠዋል ብል ይበቃል። ደረቴ ውስጥ ያ የድሮው ሳል ሲነቃ ተሰማኝ። ፈራሁ፤ ከምር ፈራሁ። ነገር ግን ያ ሰው መነጽሩን ጠርጎ ስሜን የጠየቀኝ ሰው ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደተሳሳትኩ፣ ጨርቁ የተፈለገው ለቴንዳ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ሲኞር ቤርቶ አልተቆጣም። መነጽሩን አወለቀ፣ ሳይጠርገውም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቢቆጣኝ በወደድኩ።

በዚህ መሀል አቶ ጌጡ ወለሉን እያዩ ነበር። ከጃኬቴ ጠብ ጠብ ያለው ውሃ ኩሬ ሠርቷል።

«በዚህ ዝናብ ውስጥ ነው የመጣኸው?» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«በዚህ ሱሪ?»

ለምን እንደጠየቁኝ ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ እጄ በራሱ ወደ ኪሴ ሄደ። አዝራሩን ፈትቼ ደብተሬን አወጣሁ። ወረቀቱ ደረቅ ነበር፤ «ለስግደት አይመችም» የሚለው ቀለም እንኳ አልፈሰሰም። አቶ ጌጡ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና የኪሴን መሸፈኛ በጃንጥላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ይኸውልህ፣ ይህም ክዳን ነው» አሉኝ። ከሁኔታቸው እያስተማሩኝ ይሁን እየቀለዱብኝ አላወቅሁም።

ያን ጊዜ ድፍረት መጣልኝ። ለሁለቱም በየቋንቋቸው ዝናቡን አሁን እዚሁ እናምጣው አልኳቸው። ወደ ላቦራቶሪው ተሻገርን፤ ዘበኞቹ ተጠርተው ከበሩ ጀርባ ሱሪውን ሁለት ሆነው ከላዬ ላይ ገፈፉት፤ እኔ ጋዋኔን ደረብኩ። የእግሮቹን ጫፍ በሲባጎ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና በወገቡ ከላቦራቶሪው ማንጠልጠያ ሰቀልነው። በባልዲ ውሃ ሞላንበት። በውሃ የተሞላ ሱሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያለ ሰው ወፍራም ሰው ይመስላል። አቶ ጌጡ ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው ከሥሩ ወለሉ ላይ ዘረጉ።

መጀመሪያ ላብ የመሰሉ ጠብታዎች ወጡ። አንዷ መሐረቡ ላይ ወደቀች፣ ሁለተኛዋም ተከተለች። አቶ ጌጡ ጃንጥላቸውን አነሱ።

«ትንሽ ይታገሡ ጌታዬ» አልኳቸው። «አሁን ክሩ እየጠጣ ነው። ጥጥ ሲጠጣ ይወፍራል። ክሮቹ ሲወፍሩ በመካከላቸው ያለችው ቀዳዳ ትዘጋለች፣ ውሃው በራሱ በር ይዘጋል። ያሳጠረኝም ይኸው ነው፤ አንዱ ክር የወፈረውን ጎረቤቱን ዞሮ ለማለፍ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚያስፈልገው ጨርቁ ከርዝመቱ ይቀንሳል። እኔ ላይ የሆነው ነው የምነግርዎት።»

ይህን ከማንም አልሰማሁትም ነበር። ከታክሲው ውስጥ በጀርባዬ ተጋድሜ ነው ያሰብኩት፤ ሌላ የምሠራው ሥራ አልነበረኝም። ለሲኞር ቤርቶ በጣሊያንኛ ስደግመው መነጽሩን ከጠረጴዛው አንስቶ አጠለቀና ጨርቁን በአፍንጫው ሊነካ ደርሶ ተመለከተ። ሦስተኛ ጠብታ ተንጠለጠለች። ሁላችንም እርሷን እናያለን። ተንጠልጥላ ቀረች።

እንግዲህ ያ አንድ ሰዓት ተኩል ያልኳችሁ ከዚህ በፊት የቆምኩትንና አሁን የቆምኩትን ደምሬ ነው፤ አሁንማ ጉልበቴ ነጻ ወጥቶ ሳለ ጋዋኑ አጭር ስለሆነ መቀመጥ አልደፈርኩም። የታክሲውን ነገር ስነግራቸው ሻሂው ቀዘቀዘ፣ ሌላ መጣ። አቶ ጌጡ በየመሀሉ ጎንበስ ብለው መሐረባቸውን ያያሉ። የወደቁት ሁለቱ ጠብታዎች ደርቀው ቦታቸው እንኳ ጠፋ። በመጨረሻ መሐረባቸውን አንስተው አጣጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

ናሙናው ይህ ይሁን አሉ። ከጥቅሉ አዲስ ጨርቅ ቆርጠን ልንሰጣቸው ብንሞክር አልፈለጉም፤ አሥር ቀን የተሰገደበት፣ በረዶ የወረደበት፣ በታክሲ የተጋደመ እርሱ ነው አሉ። ውሃው ተደፋ፣ ሱሪው በወረቀት ተጠቀለለ፣ በላዩ ላይ «ክዳን» ብለው በእጃቸው ጻፉበት። እንዴት ብለው እንደጻፉት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአማርኛም በትግርኛም እኩል ትክክል የሆነ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ አላየሁም።

ሰዓት ሲደርስ ልማዴ ሆኖ ወደ ሚስማሩ ሄጄ የጋዋኔን አዝራር መፍታት ጀመርኩ። ሁለት አዝራር ከፈታሁ በኋላ ከሥሩ ምን እንደለበስኩ ትዝ አለኝ። ሲኞር ቤርቶ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እንደዚህ አድርገህ መንገድ ልትወጣ ነው ወይ አለኝ። ለዛሬ ብቻ ልዋሰው ብዬ ጠየቅሁት። እርሱ ግን ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በተሰባበረ ትግርኛ መለሰልኝ።

«ጽባሕ ተሓጺቡ ይምጻእ።»

ነገ ታጥቦ ይምጣ ማለቱ ነው። አዝራሮቼን መልሼ ቆልፌ ወጣሁ። ደጁ ላይ ስደርስ ነው ምን እንዳለኝ የገባኝ።

ቃሓውታ ድረስ ራቁት እግሬን ከጉልበት በታች ለሕዝብ እያሳየሁ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አልሳልኩም፤ ስለዚህ አደይ መምጣቴን አልሰማችም፣ ድንገት ደጃፍ ላይ ነው ያየችኝ። እግሬን አየችና «ክዳንካ ደኣ?» አለችኝ፤ ልብስህስ የት አለ ማለቷ ነው።

«አዲስ አበባ ከይዱ» አልኳት፤ «ማኪና ክትክደኖ።» መኪና ልትለብሰው ሄደ አልኩ።

አልሳቀችም። ዓይኗ ከእግሬ ወደ ላይ ወጥቶ ጋዋኑ ላይ ቆሟል። ጫፉን ያዘች፣ በጣቶቿ አሸት አደረገችው፣ ከሚስማሩ አለመሰቀሉን በእጇ ለማረጋገጥ የፈለገች መሰለኝ። ከዚያ ገብታ ውሃ ጣደች፣ ሳሙናዋን ካስቀመጠችበት አወጣችና አውልቀው አለችኝ። ሌላው ሱሪዬ ዝናብ መቶት ገመድ ላይ እንደተንጠለጠለ ነገርኳት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ወረወረችልኝ፤ ክር የመዘዝኩባትን።

በነጠላዋ ተጠቅልዬ ወንበር ሳብኩ። ጉልበቴም እሺ ብሎ ታጠፈልኝ።